ከኋላ የሚቀመጠው

የኪሱጉን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን ሳለ አባቴ የደረት ኪሱን ለሦስተኛ ጊዜ ዳሰሰ። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል መሆኑን፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሰዓት እላፊው እንደሚጀምርና ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለአርባ ሁለት ቀን የግል መኪና ከግቢ እንደማይወጣ ነው። መንግሥት አርብ ማታ በቴሌቪዥን አውጆ ካምፓላ እሑዱን በሙሉ መንገድ ላይ አሳለፈችው። ቦዳዎቹ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲዎቹ፣ አንዱ ሞተር ላይ ፍራሽ፣ የማቶኬ ሙዝ ዘለላ፣ ሚስትና ሕፃን ደርበው በመኪናው ግራና ቀኝ ይሾልካሉ። የኔ አሮጌ ፕሪሚዮ መሐላቸው ትንፏቀቃለች።

«በስልክ ብንሰናበታቸው ምን ነበረበት?» አልኩት። ከቤት ስንወጣም ይህንኑ ብዬዋለሁ።

«በስልክ አይሆንም።»

«ሰባ ዘጠኝ ዓመትህ ነው አባዬ። በሽታው የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ነው።»

«ንጂ ልጄ» አለ፤ ጭምብሉን ወደ አፍንጫው ከፍ አደረገ።

የምንሄደው ናጉሩ፣ እትዬ ዘርፈሽ ዘንድ ነው። ረቡዕ ወደ አገር ቤት ሊበሩ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከባሌ ተፋትቼ፣ አንድ ሻንጣና የአየር መንገድ የቅጥር ደብዳቤ ይዤ እዚህ ከተማ ስገባ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ስምንት ወር ከቤታቸው አኖሩኝ። ወባ ሲጥለኝ ሾርባ በማንኪያ አጉርሰውኛል። እናቴ ስትሞት መርዶውን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን ውለታ ቆጥረውብኝ አያውቁም።

አባቴ የመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሥራዬ መንገደኛ መዝግቦ ወደ አውሮፕላን መሸኘት ሆኖ ሳለ፣ ነፃ ትኬት ቆርጬ ልኬለት ሳለ፣ እሱ በሞያሌ አድርጎ፣ ናይሮቢ አድሮ፣ በቡሲያ ተሻግሮ በአውቶብስ መጣ። እግሩ እንደ ገንፎ አብጦ ነበር። በወጣትነቱ አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለዚያ ዘመን ግን አያወራም። ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁት «ጋራዥ ነበርኩ» ይላል። ማዕረጉን ከኔ የሰሙት ሰዎች ሃምሳ አለቃ ተክሌ ብለው ሲጠሩት ፊቱን ይቋጥራል። እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ናሙዎንጎ ባቡር ሐዲዱ ጋ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆመ። ሞተሩን አጠፋሁ። አባቴ ያን ጊዜ ከኪሱ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አወጣ፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ድሮ የመለዋወጫ አምፖል የመጣበት ቆርቆሮ ነው። አልከፈተውም። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ያዘው።

«ሔሊ፣ የወይዘሮ ዘርፈሽን ወንድም ታውቂዋለሽ?»

«በፎቶ ነዋ።»

ሁላችንም የምናውቀው በፎቶ ነው። ልጃቸው ባለፈው ገና አስፋፍቶ በፍሬም አስገባላቸው፤ አባቴም ያየው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሃምሳ ዓመት ከሻንጣ ሥር የኖረ ፎቶ ነው። ቀጭን ወጣት መኮንን አንድ እግሩን አውሮፕላን ክንፍ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። ምክትል የመቶ አለቃ ተሻለ ይባላል። በጥር ሃምሳ ስድስት ደብረ ዘይት ላይ ከነአውሮፕላኑ ተቃጠለ። በራሱ እብሪት ነው ተብሎ ለአባትየው ደብዳቤ ደረሳቸው። አባትየው ወታደር ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ከቤታቸው እንዳይነሳ ከለከሉ፤ መቃብሩም ላይ ድንጋይ አላቆሙለትም። እትዬ ዘርፈሽ አሁን የሚሄዱት ለዚያ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ምን ልጻፍ እያለ በየቀኑ ይደውላል። «ስሙንና ዓመቱን ብቻ ይጻፍ፤ ሌላ ምን ይባላል?» ብለውኝ ነበር ጠዋት በስልክ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

«ያ ክንፍ የኔ ነው» አለ አባቴ።

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ የማዘጋጃት አውሮፕላን ነበረች ማለቴ ነው።»

ከኋላችን ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋ። መንገዱ አልተከፈተም፤ ዝም ብሎ ለመናደድ ያህል ነው።

«ቲ-ሃያ ስምንት ትባላለች» አለ። «ማሠልጠኛ ናት። ሁለት ወንበር አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፤ መሪውም መቆጣጠሪያውም በሁለቱም ቦታ አለ። መጀመሪያ ሲሠሯት ሞተሯ ስምንት መቶ የፈረስ ጉልበት ነበር። ደከመች አሉና አንድ ሺህ አራት መቶ ገጠሙላት። ፕሮፔለሯ ሁለት ምላስ የነበረው ሦስት ሆነ። መልኳ ያው ነው፤ ጠባይዋ ግን ሌላ። እኛ እጃችን የለመደው አሮጌዋን ነው። አዲሲቱ መጣች ሲሉን እንደ ሕፃን ተደሰትን።»

እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የመኪናው ውስጥ ሙቀት አፈነኝ፤ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ፓይለቱ በስተግራው በእጅ የምትዞር ትንሽ ጎማ አለችው» ሲል ቀጠለ። «ትሪም ይባላል። ጭራውን አስቀድመሽ ትንሽ የምታዘነብይበት ነው። ትልቁ ሞተር ሲነሳ አፍንጫዋን ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት ጎማዋ ወደ ቀኝ መዞር አለባት። እኔ ግን ፍተሻ ጨርሼ ሳስረክብ፣ በአሮጌዋ እንደለመድኩት፣ ሁሉንም ዜሮ ላይ መለስኩት። ዜሮ ብዬም ጻፍኩ። ፈረምኩ።»

«ፓይለቱ ራሱ አያየውም?»

«ያየዋል፤ ካስታወሰ። ለዚህ ነበር ልማዳችን። በኛ ሃንጋር የፈረመ ከኋላ ይቀመጣል። ከፍተሻ የወጣች አውሮፕላን መጀመሪያ ስትነሳ ያዘጋጃት መካኒክ አብሮ ይበራል። የመነሻ ዝርዝሩን፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ትሪም እያለ፣ ከኋላ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከፊት ያለው ይመልሳል። ካልተመለሰለት ወደሚቀጥለው አያልፍም።»

«አንተስ?»

ቆርቆሮውን አጥብቆ ያዘ።

«ወረድኩ» አለ። «ተቀምጬ፣ ቀበቶዬን አስሬ፣ ወረድኩ። ከዚያ በፊት ባለው ቀን በዚያ ሞተር ወጥቼ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ፈራሁ ሔሊ። ተሻለን ራሴን አመመኝ አልኩት። ሳቀ። ‹ሂድ ሻይ ጠጣ አሥር አለቃ› አለኝ። ያኔ አሥር አለቃ ነበርኩ። ጋዙን ባንዴ ሰጣት፤ በአሮጌዋ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ወደ ግራ ተጠማዘዘች። ከመስኩ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። ከዚያ እሳት ነው። ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር።»

መንገዱ ተከፈተ። ሞተሩን አስነስቼ ተንቀሳቀስኩ፤ ግን መንዳቴን አላስታውስም።

«መዝገቡ ሃንጋር ውስጥ ቀርቶ ነበር። ማንም ሳይመጣ ገጹን ቀደድኩ። ዜሮውም፣ ከኋላ የሚቀመጥ ብዬ የፈረምኩትም እዚያ ላይ ነው። መርማሪዎቹ ገጹን ሲያጡ፣ ፓይለቱ ልማድ ጥሶ፣ ሳያስፈርም ብቻውን ተነሳ ብለው ጻፉ። አልተናገርኩም። በስድስተኛው ወር ሃምሳ አለቃ አደረጉኝ። በዓመቱ ለቀቅኩ።»

እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ የተቃጠለው ልጅ አልነበረም። አባቴም አልነበረም። እትዬ ዘርፈሽን ላጣ ነው የሚል ነበር። ዛሬ ከዚያ በረንዳ ላይ ያባርሩናል፤ በዚህ ከተማ ውስጥ እናቴ የምላት ሴት አትኖረኝም። በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሸክሙን ሊያራግፍ ነው፤ የሚወድቀው ግን እኔ ላይ ነው። ጨከንኩበት። እንዲህ ብዬ ሳስብ ደግሞ በራሴ አፈርኩ፤ ማፈሬ ግን አላቆመኝም።

ቡጎሎቢ ስንደርስ ወደ ናጉሩ የሚወስደውን ግራውን ትቼ በቀኝ ታጠፍኩ። መንገዱ ወደ ፖርት ቤል ይወርዳል። የቢራውን ፋብሪካ አልፌ፣ የእስር ቤቱን ኮረብታ አልፌ፣ ሐይቁ ጋ ደርሼ፣ መንገድ ሳትኩ ብዬ ብመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ሰዓት እላፊው ይደርሳል። ረቡዕ እሳቸው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል። አሥር ደቂቃ ያህል ነዳሁ። ከፊት ለፊት የዓሣ ሽታ መጣ፤ የሐይቁ ብርም ታየ።

«ፀሐይዋ ከኋላችን ናት» አለ አባቴ።

ማርሽ ቀየርኩ።

«ናጉሩ ሰሜን ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ በግራ መሆን ነበረባት።» ድምፁ ቁጣ የለውም። «ሔሊ፣ እኔ አንዴ ወርጃለሁ። አንቺ ደግሞ አታውርጂኝ።»

መኪናውን ጭነት የጫኑ ጀልባዎች ከሚታዩበት አንድ ጥግ አቆምኩ።

«ቢጠሉንስ?» አልኩ። «አንተ ትገላገላለህ። እኔ ግን እዚህ ነኝ የምኖረው። ቢጠሉኝስ?»

«ይችላሉ» አለ። «ልዋሽሽ አልችልም።»

ቢያባብለኝ ኖሮ አልመለስም ነበር። እንደማይዋሸኝ ሲነግረኝ ግን የምከራከርበት አጣሁ። አዙሬ ጋዙን ረገጥኩ።

ሽቅብ ወደ ናጉሩ ስንወጣ አሥራ ሁለት ከሩብ ሆኗል። ከፖሊሱ ዋና መሥሪያ ቤት በታች መንገዱን በብረት ዘግተዋል። አንድ ፖሊስ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ሙዜ፣ በዚህ ሰዓት ወዴት?» አለው አባቴን በእንግሊዝኛ። ሽማግሌ ሲያከብሩ ሙዜ ይላሉ።

አባቴ በተሰባበረ እንግሊዝኛው መለሰ፤ «ዕዳ አለብኝ፤ የሰው።»

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «አርባ አምስት ደቂቃ አለህ» ብሎ ብረቱን አነሳ።

እትዬ ዘርፈሽ በረንዳው ላይ ሦስት ወንበር አራርቀው ጠበቁን። ነጠላቸውን እንደ ጭምብል አፍና አፍንጫቸው ላይ አጣፍተዋል። ልጃቸው ከውስጥ ሻንጣ ያስራል። በተከፈተው በር ፎቶው ይታየኛል፤ ያ እግር፣ ያ ክንፍ፣ ያ ሳቅ።

«በዚህ ጭንቅ ቀን ምን አስወጣችሁ?» አሉ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሔሊና፣ ከስተሻል።»

አባቴ አልተቀመጠም። ጭምብሉን ከፊቱ አወረደ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ትንፋሹ እንዳይደርስባቸው ነው። ቆርቆሮውን ከፍቶ መሬት ላይ አኖረ፤ በእግሩም ወደሳቸው ገፋ አደረገው።

«ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ ይህንን ያንብቡልኝ። ከዚያ እናገራለሁ።»

እትዬ ዘርፈሽ ተገረሙ። ወረቀቱን አንስተው መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ ከእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ የተሞላ ቅጽ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የወንድማቸው ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

አባቴ ያን ጊዜ ተናገረ። መኪናው ውስጥ የነገረኝን ነው የነገራቸው፤ ለራሱ ምንም አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። «ፈራሁ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አለው። ሲጨርስ ከታች ሰፈር የሚጮኹ ቦዳዎች ብቻ ይሰሙ ነበር። ዓይኔን ከእትዬ ዘርፈሽ ፊት መንቀል አቃተኝ።

«‹ከኋላ የሚቀመጥ፣ አሥር አለቃ ተክሌ›» ብለው አነበቡ። «ይህ አንተ ነህ?»

ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የሚሉት።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ ሁለት።»

«እሱ ሃያ አራት ነበር።» ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አነጠፉት። «አባቴ የደንብ ልብሱን በጓሮ አቃጠለው። እናቴ ደፍራ አላለቀሰችም። የምታለቅሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ነበር፤ ጎረቤት የሚበላውን ሽንኩርት ሁሉ እሷ ትከትፍ ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወንድሜ በትዕቢት ሞተ ብዬ አምኜ ነው ያረጀሁት። ተቆጥቼዋለሁ። በሞተ ሰው ላይ ሃምሳ ሰባት ዓመት ተቆጥቻለሁ!»

ልጃቸው ከበሩ ብቅ አለ፤ በእጃቸው መለሱት።

«ይቅርታ አልጠይቅም» አለ አባቴ። «አይገባኝም።»

«አልሰጥህምም።» ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ጣታቸውን ፊርማው ላይ አኖሩ። «ያንን ልማድ እስቲ ድገመው። የፈረመ ምን ያደርጋል አልክ?»

«ከኋላ ይቀመጣል።»

«ከዚያስ?»

«ጮክ ብሎ ያነባል።»

ወደ እኔ ዞሩ። ከመጣን ጀምሮ ያዩኝ ያን ጊዜ ነው። «ሔሊና፣ የረቡዕ ወንበሬ ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ ኤ ነው» አልኩ። ራሴ ነበርኩ የመረጥኩላቸው፤ መስኮት ይወዳሉ።

«ከኋላዬስ?»

ስልኬን አውጥቼ የሥራውን ገጽ ከፈትኩ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ስቶ የይለፍ ቃሉን አበላሸሁት። «ሃያ ሁለት ኤ ክፍት ነው።»

«አሥር አለቃ ተክሌ» አሉ። «ረቡዕ እዚያ ትቀመጣለህ። ደብረ ዘይት መቃብሩ ላይ ቆመህ ይህንን ወረቀት ጮክ ብለህ ታነባለህ፤ እህቶቼ አሉ፣ የአባቴ ወንድም ልጆች አሉ፣ ሁሉም ይስማ። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ከዚያ በኋላ ለጠራቢው እነግረዋለሁ።»

አባቴ ከንፈሩ አመድ መሰለ። «ወይዘሮ ዘርፈሽ፣ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አውሮፕላን ላይ...»

«አውቃለሁ። በሞያሌ በአውቶብስ መጣ ብላ ልጅህ ስትስቅብህ አብሬያት ስቄያለሁ።» ተነሱ። «አሁን ግን አትወርድም።»

አባቴ እጁን ከሱሪው ስፌት ላይ አጣብቆ፣ ወገቡን ሰብሰብ አድርጎ ቆመ። ወታደር ሆኖ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሺ» አለ። «እበራለሁ።»

ወረቀቱን መለሱለት። ቆርቆሮውን ግን እሳቸው ያዙት። ወደ በሩ ስንሄድ ከኋላችን ሲመጡ ሰማሁ፤ ለመዞር አልደፈርኩም። የምፈራው ቃል አሁን ይመጣል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«በሉጎጎ እንዳትሄጂ» አሉኝ። «እዚያ መንገዱን ዘግተዋል። በንታንዳ ዙሪ፤ ስትደርሺም ደውዪልኝ። ሳትደውዪ የተኛሽ እንደሆነ ወዮልሽ!»

ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸኙኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ደጁ እስኪዘጋ ድረስ እንባዬን ያዝኩት።

አንድ ሰዓት ሊሞላ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መኪናው ውስጥ ገብቼ ቀበቶዬን ስስብ የፊተኛው በር አልተከፈተም። አባቴ የኋላውን ከፍቶ ከኔ ወንበር ጀርባ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ፊት ና እንጂ» አልኩት።

የኋላ ቀበቶውን ከመቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ ፈልጎ አወጣ፤ ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ አቧራ ነበረው። አሰረው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መብራት?» አለ ጮክ ብሎ።

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። «በርቷል» አልኩ።

«ፍሬን?»

ረገጥኩት። «ይሠራል።»

«መስታወት?»

ቀና ብዬ አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ፊቱ በእንባ ርሷል፤ ድምፁ ግን አልተሰበረም። መስታወቱን በጣቴ ቀና አደረግሁት።

«መስታወት?» ሲል ደገመ።

«ተስተካክሏል።»

«መሪ?»

ወደ ግራ አዞርኩት፤ ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ መሐል ላይ አቆምኩት።

«ቀጥ ብሏል አባዬ።»

«እንግዲህ ንጂ» አለ።